ቁራሽና ቅኔ

ቅኔ ሁለት ጊዜ አይባልም። ትናንት በማኅሌት የተሰማ ቅኔ ሊቃውንቱን የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ዛሬ ተመልሶ ቢቀርብ ባለቤቱን ያስነቅፈዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበማ ከሌባ ተለይቶ አይታይም። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፣ የቤቱ (የስንኙ) ልክም ከጥንት የተሠራ ነው። ቃሉና ምሥጢሩ ግን ለዚያ ዕለት፣ ለዚያ በዓል፣ በዚያ ሰው አእምሮ መወለድ አለበት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምስጋና በብዙ መንገድ ይቀርባል፤ እንደ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን የሚገደድ ግን የለም።

ለዚህ ሥራ ሰው በማፍራት ጎጃም ስሙ ቀድሞ የሚነሣ አገር ነው። በአገሪቱ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች ዋድላ የወሎ ሲሆን ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። ትውፊቱ ጎንጅን ከጥንቱ ሊቅ ከተዋነይ ስም ጋር ያያይዘዋል። ከጮቄ ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጽላሎ፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት መርጡለ ማርያም ይገኛሉ። ትምህርት ፈላጊ ከጎንደርም ከሸዋም ከትግሬም በእግሩ እየተጓዘ ወደነዚህ ደብሮች ሲመጣ ዘመናት አልፈዋል።

ይህ ሁሉ ተማሪ ምን ይበላ ነበር? የቅኔ ቤት የትምህርት ክፍያ አያውቅም። የምግብ ቤት የለው፣ በጀት የለው። መምህሩ ራሱ ከደብሩ በሚደርሰው ድርጎና ተማሪዎቹ በሚያግዙት እርሻ የሚኖር ሰው ነው። በመቶ የሚቆጠር ወጣት ከአንድ መምህር እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ የሚማርበትን እህል ያቀረበው በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ባላገርና እንጀራ የምትጋግረው ባለቤቱ ናቸው። የሰጡትም በጎተራ አልነበረም፤ በየቀኑ፣ በየደጃፉ፣ በቁራሽ ነበር። የጎጃምን የቅኔ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሊቃውንቱን ስም ብቻ ዘርዝሮ ቢያቆም የታሪኩን እኩሌታ ሳይነካው ይቀራል።

ቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ወጣት ከቤቱ ሲወጣ ንብረቱ ትንሽ ነው። ለብርድም ለምኝታም የሚሆን የበግ ለምድ ደበሎ፣ ቁራሽ የሚያጠራቅምበት አኩፋዳ፣ ውሻ የሚከላከልበት ዱላ ይዞ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ዘመድ ወደሌለበት አገር ነው። ቅርብ የሆነ ልጅ በእርሻና በከብት ጥበቃ ተጠርቶ ይመለሳልና ተማሪው ራሱ መራቅን ይመርጣል። ከወላጆቹ ሳይሰናበት ሌሊት የጠፋውም ጥቂት አይደለም። ደብሩ ሲደርስ ከሌሎች ጋር ሣር ለብሳ ጎንበስ ተብሎ በሚገባባት ጎጆ ይጠለላል፤ በማግስቱም ለቀፈፋ ይወጣል።

ቀፈፋ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚጠሩበት ስም ነው። ተማሪው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ እመቤታችን ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ረኃቡም ስለ ብርዱም አይተርክም፣ አያለቅስም። ባለቤቲቱ ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ካልሆነም ከቆሎው ከፍላ ትወጣለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥልኝ ተማሪ» ብላ ታሰናብተዋለች። የተሰጠውም ያልተሰጠውም መርቆ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋል። ማታ የጎጆው ልጆች ያገኙትን አንድ ላይ አድርገው ይካፈላሉ፤ ታሞ የተኛ፣ ውሻ የነከሰው፣ ወይም ባዶ እጁን የተመለሰ ካለ ድርሻው አይቀርበትም። የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ወንዝ ሞልቶ መንገድ ለሚዘጋበት ክረምት ይቀመጣል። ክረምቱ ለባላገሩም ጭንቅ ነው። አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፣ የአምናው አልቆ ጎተራው ይራቆታል። በነሐሴ ፍልሰታ ስትገባ ደግሞ ጾሙ ከችግሩ ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ከቤት የሚወጣ ቁራሽ ከልጆች አፍ የተከፈለ ነው።

ታዲያ ለምን ሰጡ? መልሱን «ደግነት» ብሎ ማለፍ ለእነዚያ እናቶች አይመጥንም። ደጃፏ ላይ ለቆመው ተማሪ የምትሰጠው ሴት ብዙ ጊዜ የራሷ ልጅ፣ ወንድሟ ወይም የእኅቷ ልጅ በሌላ አገር በሌላ ሰው ደጃፍ ቆሞ ነበር። ደብዳቤ በማይላክበት፣ ወሬም በነጋዴና በመንገደኛ አፍ ብቻ በሚሰማበት ዘመን፣ የሄደው ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር ለዓመታት የማታውቅ እናት ነበረች። እንጀራዋን ቆርሳ ለማታውቀው ልጅ ስትሰጥ ለራሷ ልጅ የሚቆርስ ሌላ እጅ እንዳለ አምናለች ማለት ነው። ዛሬ የደረሳትን ታመሰግንበታለች፤ ያላየችውንም ተስፋ ታደርግበታለች። ያለዚህ እምነት የቅኔ ቤቶቹ አንድ ክረምት የሚሻገሩ አይመስልም።

ምስጋናውና ተስፋው በተማሪ ብቻ የሚታይ አልነበረም። የጎጃም ባላገር ወሩን የሚቆጥረው በበዓላቱ ነው። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያለ ይሄዳል። በእነዚህ ቀኖች በስማቸው የተመሠረቱ የጽዋ ማኅበራት ይሰበሰባሉ። አባላቱ ብዙውን ጊዜ 12 ሆነው በየወሩ ተራ ይገባሉ፤ የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል። የንስሐ አባት በተገኙበት ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይጠየቃል። ድግሱ ከማለቁ በፊት ባለተራው ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጽዋ መረከብ ቀላል ነገር አይደለም። ተረካቢው በሚቀጥለው ወር እኖራለሁ፣ እህልም ይኖረኛል፣ ወንድሞቼም ከቤቴ ይገባሉ ብሎ በእግዚአብሔር ስም እየተናገረ ነው። ዝናብ ቢዘገይም፣ በሬ ቢሞትም ይረከባል። በእንዲህ ያለ ዝክርና በተዝካር ቀን ተማሪው እንደ እንግዳ ተጠርቶ ጥግ ይይዛል፤ ከጠገበም በኋላ ለሞተው ይጸልያል፣ ለቋሚው ይመርቃል።

ወደ ቅኔው ጉባኤ ስንመለስ፣ ምግቡ የተገኘለት ተማሪ የሚሠራው ሥራ ከባድ ነው። ቅኔ ቤት የሚገባው ከንባብ ቤት ያለፈ ነው። ግሡን ያጠናል፣ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ያውቃል፣ መምህሩ የሚዘርፈውን ቅኔ ሰምቶ ይቀጽላል። ከዚያ የራሱን መቁጠር ይጀምራል። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከሰው ይለያል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከደብሩ አጥር ጥግ ተከናንቦ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ይውላል። የመጀመሪያው ደረጃ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ የጎደለ፣ ሰሙ (ላይኛው ትርጉም) ከወርቁ (ከተሰወረው ምሥጢር) ያልገጠመ ከሆነ ይታረማል፤ ፈርሶም እንደገና ይሠራል። በማግስቱ ሌላ ይጠበቅበታል።

ሆድ ባዶ ሆኖ በየቀኑ አዲስ ምስጋና መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ተማሪው ለሰም የሚሆነውን ከሩቅ አያመጣም። ያየውን አዝመራ፣ የፈሰሰውን ወንዝ፣ የተከለከለውን ቁራሽ፣ ያሳደደውን ውሻ ሳይቀር ይወስድና ወርቁን የክርስቶስን ልደት ወይም የእመቤታችንን ርኅራኄ ያደርገዋል። ትምህርቱ ዓይንን ያሠለጥናል። ቀኑን ሁሉ የሚያየውን ነገር ለማመስገኛ የሚሆን ምሥጢር ይኖረው ይሆን እያለ የሚመረምር ወጣት፣ ችግሩ ባይቀርለትም፣ በችግሩ ውስጥ የሚፈልገው ነገር አለው። ምሬቱም ቢሆን በቅኔ ቦታ አለው፤ ፈጣሪን የሚሞግት፣ ዳኛን የሚወቅስ፣ ንፉግን የሚነካ ቅኔ ሞልቷል። የቅኔ ቤት ምስጋና ደስታን ብቻ የሚያውቅ ምስጋና አይደለም።

ይህ የመስጠትና የማመስገን ልማድ ክፉኛ የተፈተነበት ጊዜ አለ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በዐፄ ዮሐንስ እጅ ከነገሡ በኋላ ከተማቸው መንቆረር በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። አገሩ ግን ብዙም አላረፈም። በ1880 ዓ.ም. ንጉሡ ከመሐዲስቶች ጋር ገጥመው ሣር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ በተከታዩ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ተቆጥተው ወደ ጎጃም ዘምተው አገሩን አጠፉት። በዚያው ሰሞን የከብት እልቂት ገባ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ዘመን በመላ ኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የሚባለው ነው። በሬው አልቆ ሞፈር የሚጎትት ጠፋ፣ እርሻው ጾም አደረ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ሳይኖር ቁራሽ ለማኝ የት ይቆማል?

የቅኔ ትምህርት ግን በዚያ ዘመን አልጠፋም። አንዱ ምክንያት ጉባኤው በሕንፃና በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ልብ የሚኖር መሆኑ ነው። የሣር ጎጆው ቢቃጠል ቅኔው አይቃጠልም፤ አንድ መምህር ከተረፈ ጉባኤው ተርፏል። ሁለተኛው ምክንያት ባላገሩ እንደገና ሲያርስ እንደገና መስጠቱ ነው። ክፉ ቀን ባለፈ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1902 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከዚያው አካባቢ ሁለት ልጆች ተወለዱ። አንዱ በደብረ ኤልያስ የተወለዱትና በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። በደርግ ዘመን ከመንበራቸው ተወግደው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

ሌላው ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ሲሆን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው የዘመኑን ትምህርት ቀሰሙ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1958 ዓ.ም. ግን ዓለሙን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ ቆሎ ተማሪ ተመለሱ። በዚያ ዓመት በወጣው ልብ ወለዳቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት፣ ከማንኩሳ ወጥቶ በዲማ ለቅኔ መምህርነት የደረሰ ወጣት ነው። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ቅኔ ቤት አጠገብ ያልደረሰ የከተማ ሰው ሳይቀር የዚህን ተማሪ ተስፋና ሐዘን የራሱ አድርጎ ሰማ። የስለትን ክብደት፣ የወላጅን ምስጋና በልጅ ሕይወት መክፈል ምን እንደሚያስከትል ሐዲስ ሳይሸፋፍኑ ጽፈዋል። ይህንን መጻፋቸው ያሳደጋቸውን ቤት መናቅ አልነበረም፤ ከውስጡ የመጣ ሰው ብቻ ሊጽፈው የሚችለውን ነው የጻፉት።

ከነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ይልቅ የዚህን ልማድ ልብ የሚያሳዩት ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። የጽላሎው የቅኔ መምህር ልጅ ሲሆኑ ገና በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። የቅኔ ጉባኤ የወንዶች ጉባኤ ነበር፤ ሴት ልጅ ደበሎ ለብሳ፣ ዱላ ይዛ፣ አገር አቋርጣ የምትሄድበት መንገድ አልነበረም። ገላነሽ ግን ጉባኤው ከአባታቸው ቤት ነበረና ትምህርቱን በጆሯቸው ያዙት። ቅኔ በጆሮ የሚገባ፣ በልብ የሚያድር፣ በአፍ የሚወጣ ትምህርት ስለሆነ የዓይን መጥፋት አላገዳቸውም። አባታቸው የሚያስተምሩትን ሰምተው መቁጠር ጀመሩ፤ ከዚያም አልፈው ራሳቸው መምህርት ሆኑ። ከየአገሩ በእግራቸው የመጡ ወንዶች በአንዲት ዓይነ ሥውር ሴት ፊት ቆመው ቅኔያቸውን ነገሩ፣ ታረሙ፣ ተመርቀውም ሄዱ። ምን ያህሉ የሳቸው ደቀ መዝሙር በየደብሩ መሪጌታ ሆኖ እንዳገለገለ ማሰብ ያስደስታል። ዕለት ዕለት ከጨለማ ውስጥ አዲስ ምስጋና ያወጡ እንደሳቸው ያለ ሰው ስም ከጎጃም ነገሥታት ስም ጋር እኩል በየትምህርት ቤቱ ሊነገር ይገባው ነበር።

አንድ ጊዜ ተብሎ የሚያልፍ ቅኔ በባሕርዩ ለመጥፋት የተጋለጠ ነው። ሰሚዎቹ ካልያዙት አብሯቸው ይቀበራል። ይህ ያሳሰባቸው ሊቃውንት በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቀደሙትን ቅኔዎች መሰብሰብ ጀመሩ፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ቅኔ» ከነዚህ ዋነኛው ነው። የተማሪውን ኑሮ ደግሞ አለቃ ለማ ኃይሉ በእርጅናቸው ለልጃቸው ለባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ተርከውት በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ሆኖ ወጥቷል። በዚያ ትረካ ረኃቡም፣ ጨዋታውም፣ የመምህራኑ ጠባይም በሽማግሌ አንደበት ሕያው ሆኖ ይሰማል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ርስቷንና ጉልቷን አጣች። ደብሮቹ ተጎዱ፣ የመምህራኑ ድርጎ ተቋረጠ። ቆሎ ተማሪው ግን ፊትም መሬት አልነበረውም። እሱን የያዘው ከአራሹ ቤት የሚወጣው ቁራሽ ነበር፣ ቁራሹን ደግሞ አዋጅ አልወረሰውም። ስለ ሃይማኖት በግልጽ መናገር በሚያስፈራበት ዘመን እንኳ በጎጃም ገጠር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል በሩ ይከፈት ነበር። ከሁሉም ያነሰ የሚመስለው የኑሮ መሠረት ከሁሉም ጠንክሮ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

የዛሬው ፈተና መልኩ ሌላ ነው። ልጆች ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ መሄዳቸውም ተገቢ ነው። የእህል ዋጋ ከመናሩ የተነሣ የከተማ ቤተሰብ እንጀራውን ቆጥሮ ነው የሚበላው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል፤ ድሮ ከደብር ወደ ደብር በዱላ ብቻ ይጓዝ የነበረ ተማሪ ዛሬ ማን እንደሆነ የሚጠይቁት ብዙ ናቸው። በሽታውም አለ፤ ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው ጎጆዎች ተስቦና የቆዳ ሕመም ይመላለሳሉ።

በሌላ በኩል ቁራሹ መልኩን እየለወጠ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየአህጉረ ስብከቱ ላሉ አብነት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ያሰባስባል፤ መኖሪያና ጉባኤ ቤት ያስገነባል፣ ለመምህራንም ድጎማ ይሰጣል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ ለተማሪዎች ልብስና ቀለብ ይልካሉ። አንዳንዱ ተማሪ ቀን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይውላል፣ ማታ ከመምህሩ ዘንድ ይማራል። ቀፈፋ መቅረት አለበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ልጅን ለውሻና ለብርድ ከማጋለጥ በአንድ ቦታ መመገብ ይሻላል ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። አንዳንድ የኔታዎች ደግሞ ተማሪው የባላገሩን ደጃፍ ካላወቀ ነገ ማንን እንደሚያገለግል አያውቅም ይላሉ። ክርክሩ ገና አላለቀም። እስከዚያው ግን ቀለብ የሚላክላቸው ጉባኤ ቤቶች ተማሪዎችም ሳይቀሩ በበዓላት ቀን አኩፋዳቸውን ይዘው ወደ መንደሩ ይወጣሉ፤ እናቶቹም ድርሻቸውን ለይተው ይጠብቋቸዋል።